ፍየሎቹ የወረዱ ዕለት

በእኛ ደሴት «ፍየሎቹ ወረዱ!» ተብሎ ሲጮህ ቀና ብሎ ተራራውን የሚያይ ሰው የለም። ሁሉም የሚያየው ወደቡን ነው። ፍየል ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ገመድ አይል፣ የተሰጣ ልብስ አይል፣ የመቃብር አበባ አይል። የግብር ተቆጣጣሪም እንደዚያው ነው ብለው አባቶቻችን ስሙን አወጡለት። እንግዳ ቢሰማው ምንም አይገባውም። እውነተኛ ፍየልም በየገደሉ ስለማይጠፋ የሚጠረጥር የለም።

ጩኸቱ የሚነሳው ከሲዴሪስ ነው። ሲዴሪስ የመርከብ ገመድ ተቀባያችን ነው። መርከቧ ስትጠጋ ገመዱን ከመያዙ በፊት የሚወርዱትን ሰዎች ጫማ ያያል። የከተማ ጫማ፣ ጠፍጣፋ ቦርሳ፣ ባሕሩን ከምንም የማይቆጥር ዓይን ካየ በቃ፣ እጁን አፉ ላይ ደግኖ ወደ መንደሩ ይጮሃል። ከዚያ ደሴቲቱ ሌላ ደሴት ትሆናለች። በጋ ከሆነ ተኝተው የከረሙት የደረሰኝ ማሽኖች ሁሉ ባንድ ጊዜ ነቅተው ይንጫጫሉ። በጋው ካለፈ ደግሞ መዝጋት ይቀላል። ወንበር ይገለበጣል፣ መስኮት ይቀረቀራል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ትንፋሹን ይውጣል።

እኔ የመርከብ ትኬት የምሸጥባት ኪዮስክ ግን አትዘጋም። ትኬት ያለ ማሽን አይወጣም፤ ማሽኑም የመርከብ ድርጅቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው ቀን ወደቡ ላይ ዓይኑን ገልጦ የሚቀረው እኔ አርጊሪስ ብቻ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ለምን እንዳልሄድኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ ደህና መልስ የለኝም። ባሕር ማየት እወዳለሁ። ባሕር እያዩ ደመወዝ የሚበሉበት ሌላ ሥራ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከኪዮስኬ በላይ፣ ደረጃው የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ የአጎቴ የማኑሶስ ምግብ ቤት አለ። እሱና ሚስቱ ዛምቤታ ከምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ምሳዬን የምበላው እነሱ ዘንድ ነው። ማኑሶስ ሲጋብዝ ጉድ ነው። አብሮት የተቀመጠ ሰው ሂሳብ ልክፈል ብሎ እጁን ኪሱ ከከተተ ጠብ ነው። አንዴ ከሲዴሪስ ጋር «እኔ እከፍላለሁ፣ አንተ ምን ቆርጦህ!» ሲባባሉ የሲዴሪስ የሸሚዝ እጅጌ ከትከሻው ተገንጥሎ አጎቴ እጅ ላይ ቀርቷል። የደረሰኝ ማሽኑን ግን ዳንቴል አልብሶ የበሶብላ ማሰሮ አስቀምጦበታል። ማሽኑ ያረጀ ነው። ለይስሙላ ሲያስነሳው ወረቀቱን ከማውጣቱ በፊት ደረቱ እንደታመመ ሰው ኡህ፣ ኡህ ይላል።

«ለማን ብዬ ነው የምከፍለው?» ይላል ማኑሶስ። «ቅድመ አያቴ ለቱርክ ከፈለ። አያቴ ለጣሊያን ከፈለ። አባቴ ለአቴና ከፈለ። ሦስቱም በዚህች ድንጋይ ላይ አንዲት ጠጠር አልጨመሩባትም። እኔ ጋ ሲደርስ ይብቃ።»

እኛም ሰምተን ራሳችንን እንነቀንቃለን። እውነት ነዋ፣ ሰባራ መንገድ ያለው ሁሉ እንዲህ ይላል።

ችግሩ የዛምቤታ ደረት ነው። ባለፈው ክረምት ባሕሩ ተቆጥቶ መርከብ በቀረበት ሰሞን ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ የወይን ልጣጭ መስሎ ነበር። ነፋሱ ጋብ ሲል ሄሊኮፕተር መጥቶ ወሰዳት። የአቴናው ሐኪምም ቁርጡን ነገራት። ሐኪም በሌለበት ደሴት ሌላ ክረምት አትከርሚም አላት። ጤና ጣቢያስ አለን፤ አልጋም፣ ነጭ ጋዋንም አለው። የሌለው ሐኪም ነው። የበፊቱ ከሄደ ወዲህ ቁልፉ ያለው ቄሱ አባ ስታቲስ ጋ ነው። በበጋ ሁላችንም ፈርመን ማመልከቻ ላክን። «አጣሪ እንልካለን» የሚል መልስ መጣ፤ መቼ እንደሆነ ግን አላለም። ሐኪም ከተመደበልን ዛምቤታ ቤቷ ትከርማለች። ካልተመደበ ፒሬዎስ እኅቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ መስኮቱ የሌላ ሰው ግድግዳ ወደሚያይ አፓርታማ። ማኑሶስ አብሯት እንዳይሄድ ምግብ ቤቱና ከብቶቹ ይዘውታል። ሲጋቡ ጀምሮ አንድም ክረምት ተለያይተው አያውቁም።

በጥቅምት፣ የቅዱስ ዲሚትሪዮስ በዓል ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ቀኑ ጥርት ባለበት ማለዳ፣ መርከቧ መጣች። ከሷ አንድ ሰውና አንዲት ጠና ያለች ሴት ወረዱ። ሁለቱም ጠፍጣፋ ቦርሳ ይዘዋል። የሰውየው ጫማ ያብረቀርቃል።

«ፍየሎቹ ወረዱ!» አለ ሲዴሪስ። «ሁለት ናቸው! አንዷ እናቲቱ ናት!»

የመስኮቱ ኳኳታ ከታች ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እንደ በረዶ ወረደ። ከዚያ መንደሩ ጭር አለ። ሴትየዋ ኪዮስኬ ጋ መጥታ መመለሻው መርከብ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ከወዲያኛው ደሴት ሲመለስ ነው አልኳት። አመስግናኝ ደረጃውን ቀስ እያለች ወጣች። ጫማዋ ጠቧታል መሰለኝ ታነክሳለች።

ምሳ ሰዓት ደርሶ እኔም ወጣሁ። ወንበሮቹ ተገልብጠዋል። ማኑሶስ ሽርጡን ጥሎ፣ መቁጠሪያውን እየቆጠረ፣ የራሱ ምግብ ቤት አጥር ላይ እንደ አላፊ አግዳሚ ተቀምጧል። እንግዶቹ መንደሩን ዞረው ዞረው ደክሟቸው ቀርበዋል።

«ዝግ ነው?» አለ ሰውየው።

«ዝግ ነው» አለ ማኑሶስ። «ባለቤቱም የለ።»

«የት ሄደ?»

«እግዜር ይወቀው። ዕዳ ያባረረው ሰው ምን አድራሻ አለው?»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ሌላ የሚበላ ነገር የሚገኝበት ቦታ አለ?» አለች ሴትየዋ፣ አጥሩ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያሻሸች።

«እዚህ? የኔ እመቤት፣ እዚህ እኛና ነፋሱ ብቻ ነን ያለነው።»

እንዲህ ብሎ ፊቷን አየ። ርቧታል። ማኑሶስ ደግሞ የተራበ ሰው አይቶ መቀመጥ አይችልም፤ በሽታው ነው። «ቆዩ እስቲ» አለና በጓሮ ዞሮ ገባ። ደረቅ የገብስ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የፍየል አይብ፣ ጨው የጠጣ ሰርዲንና አዲስ የወይን ጠጅ ይዞ ወጣ።

«ባለቤቱ አይቆጣም?» አለች።

«ይቆጣ! ድሮም ጠበኛዬ ነው።»

በሉ። አንድ ወንበር ገልብጦ መልሶ አቆመላት። ሰውየው እያኘከ ወረቀት አወጣ።

«በበጋስ?» አለ። «እንግዳ ይመጣ የለ?»

«እንግዳ?» ማኑሶስ ሳቀ። «ባለፈው ነሐሴ አንድ ጀርመን መጥቶ ነበር። እሱም መርከብ ተሳስቶ ነው። ሲያለቅስ ነው የሸኘነው።»

ሰውየው ጻፈ።

«ነዋሪውስ? ሕፃናት፣ አረጋውያን?»

«ወጣቱ ሄዷል። ይኸው ይሄ አንዱ ቀርቶልናል።» ወደ እኔ ጠቆመ። «እሱም ደህና አይደለም። ባሕር ላይ አፍጥጦ ይውላል።»

ሰውየው ይህንንም ጻፈ መሰለኝ።

ይሄኔ ከላይ፣ ከተቀረቀረው መስኮት ጀርባ፣ ሳል ተሰማ። ረጅም ሳል ነው፣ ደረቱን የሚፍቅ። የማኑሶስ መቁጠሪያ ቆመ።

«የታመመ ሰው አለ እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

ማኑሶስ ቀና አላለም። ሚስቴ ናት ቢል ቤቱ የሱ ይሆናል፤ ቤቱ የሱ ከሆነ ምግብ ቤቱም የሱ ነው።

«ሰው አይደለም» አለ። «ድመት ናት።»

«ድመት?»

«ያረጀች ድመት። የዓሣ አጥንት ይዟት ነው።»

ሳሉ መለስ ብሎ ጀመረና መሃል ላይ ተቆረጠ። አፍ ላይ የተጫነ እጅ ነው የቆረጠው። ያን እጅ አውቀዋለሁ። ሴትየዋ መስኮቱን ጥቂት አየችና ቦርሳዋን ከፈተች።

«ስንት ልስጥህ?»

«ኧረ በቅዱስ ኒቆላዎስ! አታሳፍሪኝ። እንግዳ አይከፍልም።»

«ደረሰኝ አልጠየቅሁህም እኮ» አለች እየሳቀች።

ደረሰኝ የሚለውን ቃል ሲሰማ ማኑሶስ ሳህኑን መሰብሰብ ጀመረ። በቃ፣ ፍየል ናት ብሎ ቆረጠ።

ከሰዓት በኋላ መርከቧ ስትመለስ አጎቴ መሄዳቸውን በዓይኑ ሊያረጋግጥ ወደቡ ድረስ ወረደ። ሰውየው ቀድሞ ገባ። ሴትየዋ የመርከቧ መሰላል ላይ ቆማ ዞር አለች።

«ለዳቦው እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «ደግ ሰው ነህ። ያሳዝናል ግን። ያን ያህል ፈርማችሁ፣ ስለ ሐኪሙ ብለን መጥተን ሰው ሳናገኝ።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሐኪሙ። ከጤና ሚኒስቴር ነን እኮ። ማመልከቻ ልካችሁ አልነበር?»

 ማኑሶስ ወደ መንደሩ ዞሮ፣ እንዲያ ሲጮህ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፣ «ውጡ!» አለ። «ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ! ፍየል አይደሉም! ፍየል አይደሉም!»

መስኮቶቹ ተከፈቱ። አንዱ ግማሽ ፊቱን ሳሙና እንደ ቀባ ወጣ። አባ ስታቲስ የጤና ጣቢያውን ቁልፍ እያወዛወዙ በካልሲ ሮጡ። ሴቶች ልጆች አቅፈው፣ ሽማግሌዎች በከዘራ፣ ባዶ የነበረው ደረጃ ከላይ እስከ ታች ሰው ሆነ። ሴትየዋ መሰላሉ ላይ ሆና ዓይኗን አላመነችም።

«የምን ፍየል?» አለች።

 ሲዴሪስ የያዘው ገመድ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር።

«ሰው ሞልቷል!» አለ ማኑሶስ። «ታያለሽ? በነሐሴ ደግሞ ብትመጪ ወንበር አታገኚም! ሰው ቆሞ ነው የሚበላው!»

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለን ነበር።

«ሰዎቹን አየኋቸው» አለች። «በኔ ቢሆን ዛሬውኑ እፈርም ነበር። የሚወስኑት ግን ወረቀት ነው የሚያዩት። እናንተው ለግብር ያስገባችሁትን ወረቀት። በሱ ላይ በጋውን ሙሉ እዚህ ደሴት የበላ የለም፣ ያደረም የለም። ሐኪሙን ለማን ብለን እንላክ?»

«በነሐሴ ወንበር አይገኝም እያልኩሽ!»

«ለማን ተናግረኸዋል?» አለች።

 መርከቧ ጮኸች። ሴትየዋ ልትገባ ስትል ማኑሶስ እጅጌዋን ያዛት።

«ሚስቴ ናት» አለ።

«ማን?»

«ድመቷ። ሚስቴ ናት።»

እጁ ላይ እጇን ደረበች። «ማመልከቻው አልተዘጋም» አለችው። «የከርሞው ወረቀት ሲገባ እንደገና ይታያል። ቃል ግን ልሰጥህ አልችልም።» መሰላሉ ተነሳ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሁሉም ማኑሶስ ጋ ተሰበሰበ፤ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ኡዞ አረቄ ቀረበ።

«ጫማውን አይታችሁታል?» አለ ሲዴሪስ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ያ የግብር ጫማ ነው! ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው እንደዚያ ያለ ጫማ ምን ያደርግለታል?»

«አንተ ዓይንህን ታከም» አለው አንዱ።

«ማን ያክመኝ? ሐኪም አለ?»

«መንግሥት ሐኪም ቢልክ እኮ እኔም እከፍል ነበር» አለ ሳሙናው አሁንም ጆሮው ሥር የደረቀበት ሰው።

«ብትከፍል ይልክ ነበራ» አሉ አባ ስታቲስ።

«እርስዎ የሻማውን ሳጥን ሲቆጥሩ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ አባቴ?»

አባ ስታቲስ ኡዟቸውን ጠጡ። ክርክሩ እንደ አውድማ በሬ ክቡን ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ላይ ተኛ።  ሊነሱ ሲሉ ሲዴሪስ ከኀፍረቱ ብዛት ገንዘብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «የዛሬው በኔ ነው» አለ። «በምን ዕዳህ?» ብሎ ባለሳሙናው ገፋው። «እጅህን ሰብስብ!» «አንተ ሰብስብ!» ወንበር ወደቀ።

«ተዉ እስቲ!» አለች ዛምቤታ።

የፎቁ ደረጃ መሃል ላይ ተቀምጣለች። መቼ እንደወረደች አላየንም። ለመናገር ትንፋሿን እንደ ውሃ መቅዳት ነበረባት።

«አንዳችሁ ያንዳችሁን ለመክፈል ሸሚዝ ትቀዳደዳላችሁ» አለች። «ማኑሶስ፣ ግብር ስታበላ የሚስተካከልህ የለም። ግብር ክፈል ሲሉህ ግን እኔን ድመት ታደርገኛለህ።»

የሳቀ የለም።

«ፍየሎች መስለውኝ፣ እንዳያውቁን ብዬ…» አለ ማኑሶስ።

«አላወቁንም። ደስ ይበልህ።» አረፍ አለች። «በሌላ ደሴት ደግሞ የምታስል ሚስት ያለችው ሰው አለ። አታውቀውም። የሱን ሂሳብ አንተ ብትከፍል፣ የኔን ደግሞ እሱ ቢከፍል፣ ግብዣ አይደለም? ሌላ ምን ስም ታወጣለታለህ?»

«አቴና ያሉት መሃል ላይ ቢሰርቁትስ?»

«የሚሰርቅ ይሰርቃል። ሲዴሪስ ሁልጊዜ ከጠርሙስህ ይሰርቃል። መጋበዝ ትተሃል?»

«እኔ?» አለ ሲዴሪስ። አሁን ሳቁ። ዛምቤታ ግን አልሳቀችም፤ መሳቅ ያስላታል።

ማኑሶስ ተነስቶ ወደ ባንኮኒው ሄደ። የበሶብላውን ማሰሮ አነሳና መስኮቱ ላይ አኖረው። ዳንቴሉን ገፈፈው። ሁላችንም ሬሳ የሚገለጥ ይመስል ቆመን አየን።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አለው አንዱ ቀስ ብሎ። «ዛሬ እውነቱን ብትጽፍ አምና የት ነበርክ ይሉሃል። ቅጣቱ ምግብ ቤቱን ይዞት ይሄዳል። እኛንም ታስነካናለህ።»

«አውቃለሁ» አለ ማኑሶስ። የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር። ማሽኑን ሰካው። ሰዎቹ ተራ በተራ ወጡ። አንዳንዶቹ እስካሁንም ሰላም አይሉትም። ሲዴሪስ ብቻ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

ዛምቤታ የሄደችው ከበዓሉ በፊት ነው፤ ባሕሩ ሳይከፋ። ሻንጣዋን እኔ አወረድኩላት። እሷ ግን ወዲያው ወደ መርከቧ አልሄደችም። ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ እንግዶች ባሕሩን ለማየት በሚሻሙበት ወንበር ላይ፣ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ተቀመጠች።

«አስተናጋጅ!» አለች።

ማኑሶስ ከውስጥ ወጣ። ፎጣው ክንዱ ላይ ነው። መጀመሪያ አልገባውም፤ ቆይቶ ገባው።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

«የተራራ ሻይ። ማሩን በዛ አድርገህ።»

አመጣላት። ቆሞ ጠበቃት። እሷ ባሕሩን እያየች ጠጣች። እንዲህ አድርጋ ቁጭ ብላ በሰው እጅ ሻይ ጠጥታ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት።

«ሂሳብ» አለች።

«ዛምቤታ፣ በእናትሽ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

«ሂሳብ አልኩ። ከነደረሰኙ።»

ገባ። ማሽኑ ኡህ፣ ኡህ አለና ወረቀቷን አወጣ። በትንሽ ሳህን ላይ አድርጎ አመጣላት። ሳንቲሙን ከራሷ ቦርሳ ቆጥራ ሰጠችው፤ እሱም ተቀበለ። ከቱርክ ጊዜ ጀምሮ በዘራቸው እንደዚያ ዓይነት ሳንቲም የተቀበለ ያለ አይመስለኝም፤ መዳፉ ላይ እንደ ፍም ነበር የያዘው። ዛምቤታ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ አነበበች።

«አንድ ሻይ» አለች። «ፔትሮኒሲ ደሴት። ቀኑም አለ።» አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ለሚጠይቅ፣ አንድ ሰው ነበረ በሉት።»

ሲዴሪስ ገመዱን ሲለቅ የማንንም ጫማ አላየም። ማኑሶስ መርከቧ ከደሴቲቱ ጫፍ ጀርባ እስክትሰወር ቆሞ፣ ፎጣውን አጣጥፎ ወደ ላይ ወጣ።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። የቅጣቱ ነገር አልታወቀም፤ ከአቴና የሚመጣ ፖስታ ሲኖር አጎቴ ኪዮስኬ ጋ መጥቶ ይቆማል፣ ሳይጠይቀኝም ይመለሳል። ምግብ ቤቱ የሚመጡት ጥቂት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ደረሰኛቸውን እየሳቁ ባሕር ላይ ይበትኑታል። እሱ ግን ለአንዲት ብርጭቆ ወይን ጠጅም ቢሆን ይቆርጣል። ነፋሱ ወደ እኔ ሲሆን ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ማሽኑ ኡህ ባለ ቁጥር አጎቴ ሥራውን ትቶ ቀና ይልና የፎቁን መስኮት ያያል።